በኪሴ የዋለች ጥርስ

የአንድ ልጅ ጥርስ በሸሚዜ ኪስ ይዤ ከ3 ሰዓት በላይ ቆይቻለሁ። በሶፍት ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኳት። በየመሐሉ እጄን ደረቴ ላይ እያሳረፍኩ መኖሯን አረጋግጥ ነበር። የሚያየኝ ሰው በልቤ የምጸልይ ሳይመስለው አይቀርም።

በጌታ የተወደዳችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ታሪክ የአጥቢያችን ሰዎች ያውቁታል፤ በልጆቹና በወላጆቻቸው ፊት ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ለእናንተ የምጽፈው ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ በልጆች አገልግሎት ላይ ስለምትገኙ ነው። ሰው ልጁን አምኖ ሲሰጣችሁ ምን እንደተሰጣችሁ እንድታስቡ፣ እኔ ያን ቀን ያላወቅሁትንም አስቀድማችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ሳንጃን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ቆላው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትወርዱ የምታገኟት የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ከደጋ የሚመጣ እንግዳ ሹራቡን መንገድ ላይ ነው የሚያወልቀው። ኑሯችን ሰሊጥና ማሽላ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ከተማው ከየአቅጣጫው በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ይሞላል፤ ሻይ ቤቱም፣ ቡና ቤቱም፣ መንገዱም ሰው ብቻ ይሆናል። እኛ አማኞቹ ጥቂት ነን። አዳራሻችን ቆርቆሮ ናት፤ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ልጆችን እንሰበስባለን፤ መዝሙር እናስተምራለን፣ የትምህርት ቤት የቤት ሥራ እናሠራለን፣ እናጫውታለን።

ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ የእኛ ምእመናን ልጆች አይደሉም። የጎረቤት ልጆች ናቸው። አንዱ ስሙን የማልጠቅሰው የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ አቡሽ ልበለው። እናቱ ከአዳራሻችን ጥቂት ራቅ ብላ ሻይና ቡና ትሸጣለች፤ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። መጀመሪያ ላይ ልትልከው አልፈለገችም ነበር። «ልጁን ይወስዱብሻል» ያሏት ሰዎች ነበሩ። በኋላ ግን እሱ ሥራ ላይ ሲያስቸግራት፣ እኛም የቤት ሥራ ስናሠራው አይታ አንድ ቅዳሜ በር ድረስ አመጣችውና እጁን እጄ ውስጥ አስገባች። «አደራ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ከ2 ወር በኋላ ነው ነገሩ የሆነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። መዝሙሩ አልቆ ልጆቹ ሌባና ፖሊስ ይጫወታሉ። እኔ ጥላው ሥር ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ጩኸት ሰምቼ ቀና ስል አቡሽ የአዳራሹ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ በአፉ ተደፍቷል። ፖሊስ ሆኖ ሲያባርር ነው የተደናቀፈው። ብድግ ሳደርገው አፉ ደም በደም ነው። ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች የግራው የለም። አልተሰበረም፤ ከነሥሩ ወጥቷል።

«ቲቸር፣ ጥርሴስ?» አለኝ። አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

አንዲት ልጅ ከአሸዋው ውስጥ አግኝታ አመጣችልኝ። እኔም ተቀብዬ አዋቂ የሠራሁ እየመሰለኝ ስህተቱን አንድ በአንድ ሠራሁት። ጥርሱን በሥሩ በኩል ያዝኩት። ከጀሪካኑ ውኃ አፍስሼ በሳሙና አሸሁት፤ በሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቀይ ነገር ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅሁት። ከዚያ በሶፍት አድርቄ ጠቀለልኩትና ኪሴ ከተትኩት። የልጁን አፍ አጥቤ ንጹሕ ጨርቅ አስነከስኩት። ይህችኛዋ ብቻ ነበረች ትክክል። «አይዞህ፣ የወተት ጥርስ ነው፤ ይበቅላል» አልኩት። የወተት ጥርስ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንዲሆን ግን በጣም ፈልጌ ነበር።

የእናቱ ስልክ ቁጥር መዝገባችን ላይ አለ። በእግር ቢሄዱም 5 ደቂቃ አይሞላም። አልደወልኩም፤ አልሄድኩም። «ሰው ምን ይላል? ገና እኛን ማመን ስትጀምር! ነገ ሁሉም ልጁን ቢያስቀርስ?» እያልኩ አወጣሁ አወረድኩ። ፍርሃቴን «የወንጌል ስም እንዳይሰደብ» ብዬ ጠራሁት። ልጆቹንም «ለማንም እንዳትናገሩ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ አቡሽን አዳራሹ ውስጥ አስቀምጬ ጸለይኩ፤ ረጅም ጸሎት ነበር። ልጁ ደሙ ቆሞ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ያየኛል። መጸለዬ ጥፋት አልነበረም። መሄድ ያለብኝን መንገድ ላለመሄድ ጸሎቱን መደበቂያ አድርጌው ነበር እንጂ።

ሌሎቹን ልጆች ሸኝቼ፣ ግቢ ጠርጌ፣ ወንበር ደርድሬ፣ ሰዓቱን ሁሉ ከፈጀሁ በኋላ ሊመሽ ሲል ወሰድኩት። ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፏል። እናቱ ስኒ እያጠበች ነበር። «ትንሽ ወድቆ የወተት ጥርሱ ወለቀ» አልኩና ሶፍቱን ሰጠኋት። ፈታችው። በፋኖሱ ብርሃን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ልጁን አገጩን ይዛ አፉን ከፈተችው።

«ይሄማ አምና የበቀለው ነው» አለች። «የወተቱን እኔው ነኝ ጣሪያ ላይ የወረወርኩለት።»

እናት የልጇን ጥርስ ትቆጥራለች። እኔ ግን ይህንን እንኳ አላሰብኩም።

ሱቋን ለጎረቤት ትታ፣ ልጁን አዝላ፣ ወደ ሕክምና ሮጥን። ተረኛው ጤና መኮንን ወጣት ነበር። ጤና መኮንን የሚባለው ሙያ በአገራችን የተጀመረው እዚሁ አጠገባችን ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ሕዝቡን የሚያክም ባለሙያ ለማውጣት የታሰበ ትምህርት ነበር። ያን ምሽት የዚያ ሐሳብ ፍሬ ፊታችን ቆሞ ነበር። ልጁን ራሱን ስቶ እንደሆነ፣ አስመልሶት እንደሆነ ጠየቀ፤ መንጋጋውን ዳሰሰ፤ አጎራባቹን ጥርሶች በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ጠየቀ። ከዚያ ሶፍቱን ፈትቶ ጥርሱን አየና ቀና አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣው?»

«አሁን ነው፣ ሲመሽ» አለች እናቱ። እኔ እንዲያ አስመስዬ ነግሬያት ስለነበር።

ጤና መኮንኑ የልጁን ሸሚዝ አየ። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። «እባካችሁ ሰዓቱን በትክክል ንገሩኝ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «የዚህ ሕክምናው ሰዓቱ ነው።»

ክፍሉ ሞቃት ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ። «ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው» አልኩ።

እናቱ ዞራ አየችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልጅ ይወድቃል» አለች። «እኔ እጁን ይዤው ብሄድም ይወድቅ ነበር። ሰዓቱን ለምን ሰረቅኸኝ?»

በማግስቱ እሑድ በመጀመሪያዋ መኪና ሦስታችን ወደ ጎንደር ወጣን። አምልኮ ቀረሁ። መንገዱን ሙሉ አቡሽ በእናቱ ጭን ላይ ተኝቶ እኔ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነው የደረስነው። በማግስቱ ጠዋት ያየችን የጥርስ ሐኪም ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ለእናቲቱም ለእኔም ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ አይደለም። በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል እንደ ስስ ጨርቅ ያለ ሕያው ሽፋን አለ። ጥርሱን አንጠልጥለው የያዙት ጥቃቅን ክሮች እዚያ ውስጥ ናቸው። ጥርስ ሲወልቅ ያ ሽፋን ከሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ ሥሩ ላይ ይቀራል። እኔ ቆሻሻ ብዬ በጥፍሬ የፋቅሁት እሱን ነው። እርጥብ ሆኖ ከቆየና ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ክሮቹ መልሰው ይያያዛሉ። በደረቅ አየር ግን ከ30 ደቂቃ በኋላ አብዛኛው ይሞታል፤ አንድ ሰዓት ከሞላው ደግሞ ተስፋው የመነመነ ነው። በ8 ዓመት ልጅ ላይ የፊት ጥርስ ሥር ጫፉ ገና አልተዘጋም፤ ስለዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ቢመለስ ኖሮ ውስጡ ያለው ነርቭና የደም ሥር እንደገና ሕይወት የሚያገኝበት ዕድል ነበረው።

«አሁን ብመልሰውስ?» አለች ራሷን እንደምትጠይቅ። «አንዳንዴ ዘግይቶም ቢሆን እንመልሳለን፤ አጥንቱ እንዳይሟሽሽ ይረዳል። የዚህ ግን ሥሩ ተፍቋል፤ ሁለት ሌሊትም ደርቆ አድሯል። አጥንቱ ቀስ በቀስ ይበላዋል። መንጋጋው እያደገ ሲሄድ ደግሞ ጥርሱ ባለበት ተቀርቅሮ ያጥራል።» ከእናቱ ጋር ተመካክረው ላለመመለስ ወሰኑ። ቁስሉን አይታ፣ ቀጠሮ ሰጥታ፣ ለጊዜው የሚወልቅና የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራለት እንደሚችል ነገረችን። የማይነቀለው የሚተከለው መንጋጋው አድጎ ካበቃ በኋላ ነው፤ 18 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆነው።

አቡሽ በጣቱ ቆጠረ። «10 ዓመት?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም።

ወደ ሳንጃ ስንመለስ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ እንጂ የማነበውን አልመረጥኩም ነበር። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 25 ቁጥር 19 ላይ በመከራ ቀን በማይታመን ሰው መታመን ከተሰበረ ጥርስ ጋር ተመሳስሏል። ከዚያ በፊት ያን ቁጥር ሳነብ ራሴን የማየው በማይታመን ሰው የተጎዳው ሰው ቦታ ላይ ነበር። ያን ቀን ግን ሌላኛውን ሆኜ አነበብኩት። ልጁ በመከራው ቀን የያዘው እኔን ነበር። አማርኛችን ለዚህ የከበደ ስም አለው፦ አደራ በላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የልጆቹን ወላጆች ጠራሁ። መጋቢያችን አብሮኝ ቆመ። የሆነውን ሁሉ፣ ስልኬን ስነካካ እንደነበርም፣ ልጆቹን እንዳይናገሩ እንዳስጠነቀቅሁም ተናገርኩ። ልጆችን ዝም አሰኝቶ መደበቅን ማስተማር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ሲወጣ ስሰማው ነው። «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ማንም ለእናቱና ለአባቱ አትናገር ቢላችሁ ያን ጊዜውኑ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ እኔም ብሆን» አልኳቸው። የአቡሽ እናት ከኋላ ቆማ ነበር። ልጇን ከዚያ ቀን በኋላ የምታመጣው አልመሰለኝም። ለ3 ቅዳሜ አላመጣችውም። በአራተኛው መጣ። ብቻውን ነበር የመጣው፤ እሷ ግን መንገዱ ማዶ ቆማ ገብቶ እስኪቀመጥ ታየው ነበር።

አሁን ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ወደ 1 ቢሊዮን ሰዎች የጥርስና የአፍ ጉዳት እንደደረሰባቸው፣ እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆችም 20 በመቶ ያህሉን እንደሚነካ ይገምታል። ዛሬ በፊታችሁ 20 ልጆች ተቀምጠው ከሆነ 4ቱ ማለት ነው። ስለዚህ «እኔ ላይ አይደርስም» የሚባል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ልጁን እንጂ ጥርሱን አትዩ። ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ፣ መንጋጋው አልገጥም ካለ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ነው። የወለቀውም ጥርስ ጠፍቶ ልጁ ከሳለ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ። አለዚያ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ቁስሉ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል አስነክሱት፤ ከንፈሩን ከውጭ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙለት። ሰዓቱን ጻፉ። ለወላጅ ደውሉ። ይህን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ የትኛው ጥርስ እንደሆነ እወቁ። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ የዐዋቂ 32። የፊት ጥርሶች የሚለወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የወተት ጥርስ ትንሽና በጣም ነጭ ነው፤ የዐዋቂው ሰፊ ነው፤ በቅርብ የበቀለ ከሆነ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። የወተት ጥርስ ከወለቀ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከሥሩ የሚያድገውን የዐዋቂ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። ቢሆንም ሐኪም ይየው። ካልለያችሁት እናቱን ጠይቁ፤ እሷ ታውቃለች።

የወለቀው የዐዋቂ ጥርስ ከሆነ በነጩ፣ በምናኝክበት በኩል ብቻ ያዙት። ሥሩን አትንኩ፣ አትፈግፍጉ፣ በሳሙና አትጠቡ፣ በሶፍት አታድርቁ። አሸዋ ካለበት በወተት ወይም ከሕክምና በሚገኝ የጨው ውኃ፣ ሁለቱም ከሌሉ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አለቅልቁት። ልጁ ከተረጋጋ ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር እያስተያያችሁ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጋችሁ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ቀስ ብላችሁ መልሱትና የተጣጠፈ ጨርቅ አስነክሱት። ከቻላችሁ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የጥርስ አደጋ ሕክምና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ያደሰው መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው።

ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት። ሐኪሟን ለምን ወተት እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። ውኃ ጨውም ምግብም ስለሌለው ወደ ሥሩ ሕዋሳት እየገባ ያሳብጣቸውና ያፈነዳቸዋል። ወተት ግን ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ለተወሰነ ሰዓት በሕይወት ያቆያቸዋል። ፈልቶ የቀዘቀዘውም ይሆናል፤ እርጎ ግን ኮምጣጣ ስለሆነ አይሆንም። ወተት ከጠፋ ልጁ ስኒ ውስጥ ምራቁን ይትፋና እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። ምንም ከሌለ ከመድረቅ ውኃም ይሻላል። ከዚያ በፍጥነት ወደ ጥርስ ሐኪም። ዘግይታችሁም ቢሆን ጥርሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሳኔው የሐኪም ነው።

ጥርሱ ከተሰበረ ስባሪውን ፈልጋችሁ በእርጥብ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል። ከተነቃነቀ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ አትጎትቱት።

ከ2 ዓመት በኋላ እንደገና ሆነ። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ዛፍ ሥር። ልጆቹ ከኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ባሰሩት ዥዋዥዌ ሲጫወቱ የእንጨት መቀመጫው ተመልሶ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ አፏን መታት። የፊት ጥርሷ ከነሥሩ ወጣ። አብራኝ የምታገለግለው እህት ሳልነግራት ስልኳን አውጥታ ለልጅቷ እናት ትደውላለች። እኔ ተንበርክኬ ጥርሱን ከአሸዋው በነጩ በኩል አነሳሁና «ወተት!» ብዬ ዞርኩ።

አቡሽ አልነበረም። ከግቢው ወጥቶ ሲሮጥ ጀርባውን ብቻ አየሁት።

እናቱ ሻይ በወተት ትሸጣለች። ሁለት ደቂቃ የሞላው አይመስለኝም፤ በሻይ ብርጭቆ ወተት ይዞ፣ ግማሹን እጁ ላይ እያፈሰሰ መጣ። «ያልሞቀውን ነው ያመጣሁት!» ይላል እያለከለከ። እናቱ ከኋላው ናት። ጥርሱን ወተቱ ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአቡሽ እናት የልጅቷን ራስ በሁለት እጇ ያዘችልኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» ትላታለች። ጥርሱ ቀጭ ብሎ ገባ። መሐረብ አስነከስናት። ሰዓቴን አየሁ፤ ከወደቀች 7 ደቂቃ።

ከሕክምና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስወግተን የመጨረሻዋን መኪና ደረስንባት፤ ከእናቷ ጋር ጎንደር አደርን። በማግስቱ ከጎረቤት ጥርሶቿ ጋር በስስ ሽቦ ታሰረላት፤ ለ2 ሳምንት ለስላሳ ምግብ ብቻ በላች። በእሷ ዕድሜ የሥሩ ጫፍ የተዘጋ ስለሆነ በነዚያው ሁለት ሳምንታት ውስጥ የጥርሱ ነርቭ ታከመ። ዓመት አልፎታል፤ ጥርሱ በቦታው አለ። ሐኪሙ ለዓመታት እየታየ እንደሚቆይ ነግሯታል፤ ዋስትና አልሰጣትም። ቢሆንም ዛሬ በሙሉ አፏ ትስቃለች።

አቡሽ ግን ሲስቅ አሁንም በእጁ አፉን ይሸፍናል። የተሠራለት የሚወልቅ ጥርስ አይመቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት «ወላቃ» ይሉታል። በክፍተቱ ፉጨት ማፏጨት ተምሯል፤ ከሁሉም ይበልጣል በፉጨት። እኔን ይቅር ብሎኛል፤ እናቱም ብላኛለች። ይቅርታቸው እውነተኛ ነው። ጥርሱ ግን አልበቀለም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ጌታው የባሪያውን ጥርስ ቢያወልቅ ስለዚያች ጥርስ ብሎ ነጻ እንዲለቀው ታዟል። በእግዚአብሔር ፊት የአንድ ምስኪን ሰው አንዲት ጥርስ ያን ያህል ትመዝናለች። ዘኬዎስም ጌታን ቤቱ ባስገባ ቀን የበደለውን ለመመለስ ተነሳ እንጂ ይቅርታውን ተቀብሎ ዝም አላለም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ወደ አቡሽ እናት ሄጄ «በየወሩ ለጥርሱ እናስቀምጥ» አልኳት። መጀመሪያ እምቢ አለች። «አንተን ለማስከፈል አይደለም ይቅር ያልኩህ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ኋላ ላይ በእሱ ስም ደብተር አወጣን። እሷ ከሻይዋ፣ እኔ ከደመወዜ እናስገባለን። በሰሊጥ ሰሞን ይበዛል፤ በክረምት ያንሳል። ወር ግን አልዘለልንም።

አሁን 11 ዓመቱ ነው። በሚያስገባው ቀን አብሮን ይሄዳል፤ ደብተሩን ተቀብሎ ቁጥሩን ያነባል፤ ከዚያ በጣቱ ይቆጥራል። ባለፈው ወር «7 ቀረን፣ ቲቸር» አለኝ።

«ቀረኝ» አላለም። «ቀረን» ነው ያለው።